በኮርማው ላይ ከመፍረድ በፊት

በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ላይ አንዲት ላም ሁለት ሦስት ጊዜ ኮርማ አጥቅቷት ካልያዘች ፍርዱ ፈጣን ነው፤ መሲና ትባልና ወደ ገበያ ትነዳለች። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ከመጣ ወዲህም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ወቀሳው ከላሟ ወደ አዳቃዩ እጅ ተሻገረ እንጂ ኮርማውን የጠረጠረ የለም። ኮርማው የሚጠየቀው ዘሩ ራሱ ለማዳቀያ ሲፈለግ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ፍርዱ ተገልብጦ ይመጣል። እንዲዘል በቀረበለት እንስሳ ላይ ካልዘለለ፣ በተዘጋጀለት ሰው ሠራሽ ብልት ውስጥ ዘሩን ካላፈሰሰ «ይህ አይሆንም» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ዕጣው ቢላዋ ነው።

ሁለቱ ፍርዶች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ኮርማው ሲዘል አይቶ ዘር አለው ይላል። ሁለተኛው ሲዘል ስላላየ ዘር የለውም ይላል። ዘሩን ፈልጎ ያየ ግን በሁለቱም ወገን የለም። የምከራከረው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ልማዱ የገበሬው ብቻ ቢሆን ኖሮ በምክር ይታረም ነበር፤ ነገር ግን በተማረው የእንስሳት ባለሙያም፣ በሰው ሐኪሙም፣ በየቤቱም ሥር ሰድዷል። እንስሳም ይሁን ሰው፣ አንድን ወንድ መካን ነው ከማለት በፊት ዘሩ በምን ዘዴ፣ ከየትኛው የአካሉ ክፍል፣ ስንት ጊዜ እንደተፈለገ መጠየቅ አለበት። ይህ ሳይጠየቅ የሚነገር ሁሉ ግምት ነው።

ከኮርማው ልጀምር። በኮርማ አካል ውስጥ ሦስት ሥራዎች ለየብቻ ይሠራሉ። ቆለጡ ዘር ያመርታል። ከቆለጡ ጋር የተጣበቀው፣ ኤፒዲዲሚስ የሚባለው ረጅም ጥምዝምዝ ቱቦ ዘሩን ያበስላል፣ በጅራቱ በኩልም ያከማቻል። ሦስተኛው ሥራ ዘሩን ወደ ውጭ ማድረስ ነው፤ ለዚህ ፍላጎት፣ ጤነኛ ጀርባና የኋላ እግር፣ ጤነኛ ብልት ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ተበላሽቶ ሁለቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ወለምታ የያዘው ኮርማ አይዘልም፤ ቆለጡ ግን ሌት ተቀን ያመርታል። በተቃራኒው በቀን አሥር ጊዜ የሚዘል፣ መንጋውን ሁሉ የሚያስፈራ ኮርማ የሚያፈሰው ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። የሚፈሰው ፈሳሽ አብዛኛው የሚመነጨው ከቆለጡ ሳይሆን ከሌሎች ዕጢዎች ስለሆነ ብዛቱ ምንም አያስረዳም። ማይክሮስኮፕ ያልገባበት ምስክርነት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ሰው ሠራሽ ብልቱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይህን አልክድም። በሁለት ግድግዳ መካከል ከ42 እስከ 45 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚሞላበት ሲሊንደር ነው፤ ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ብርጭቆ ተያይዟል። የሠለጠነ ኮርማ በአንድ ዝላይ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ቢሊዮን ገደማ የዘር ሕዋስ አለ። ይህ ተበርዞ፣ እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ገደማ በሚይዙ ቀጫጭን ስትሮዎች ሲከፋፈል ከአንድ ዝላይ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ላሞችን ማዳቀል ይቻላል። ዘሩም ንጹሕ ነው። ኮርማው ፈቅዶ የሰጠው ስለሆነ ፍላጎቱም አብሮ ይታያል። ለዚህ ነው በየአገሩ የማዳቀያ ማዕከላት፣ የእኛው የቃሊቲ ማዕከል ጭምር፣ የሚተማመኑበት።

ስህተቱ የሚጀምረው መሣሪያው ዳኛ ሲሆን ነው። ሰው ሠራሽ ብልት የሚመርጠው ሰው የለመደውን፣ ገመድና ሲሚንቶ የማያስደነግጠውን፣ ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጅ ያደገውን ኮርማ ነው። የፎገራ ኮርማ ግን በሜዳ፣ በመንጋ መካከል፣ በርብና በጉማራ ውሃ መጥለቅለቅ ውስጥ ያደገ ነው። ጎልምሶ ከመጣ በኋላ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ከጎኑ ሲቆም እንቢ ቢል ምን ይገርማል? እንደ ፎገራ ሁሉ የዜቡ ደም ያላቸው ኮርማዎች በሰው ፊት ቁጥብ መሆናቸው በብራዚልም በአውስትራሊያም የታወቀ ነው። እዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች ኮርማው ስላፈረ ዘር የለውም አላሉም፤ ሌላ ዘዴ ፈለጉ።

ሌላው ዘዴ ኤሌክትሪክ ነው። ጋን የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 በበጎች ላይ ካሳየው ወዲህ ሲሻሻል ኖሯል። በፊንጢጣ የሚገባ ዘንግ ደካማ ኤሌክትሪክ በየእረፍቱ እየላከ ነርቮችን ያነቃና ዘሩ ይፈሳል። ኮርማው መዝለልም መሠልጠንም አይጠበቅበትም። በዚህ መንገድ የሚገኘው ፈሳሽ ግን በመጠኑ ይበዛል፣ በሚሊ ሊትር ሲቆጠር ይቀጥናል፣ አንዳንዴም ሽንት ይቀላቀልበታል። እዚህ ላይ ሁለተኛው የፍርድ ስህተት ይፈጸማል። ባለሙያው በኤሌክትሪክ የተገኘውን ዘር በሰው ሠራሽ ብልት መለኪያ ይመዝነውና «ቀጭን ነው» ብሎ ኮርማውን ይጥለዋል። ቅጥነቱ ግን የመጣው ከዘዴው ነው። ሁለት ዘዴዎች ሲወዳደሩ መቆጠር ያለበት ጠቅላላው የዘር ብዛት፣ የሚንቀሳቀሰው ድርሻና የቅርጹ ደህንነት ነው እንጂ የአንዷ ጠብታ ውፍረት አይደለም።

ኤሌክትሪኩ ያማል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ያለ ማስታገሻና ያለ ማደንዘዣ፣ በየሳምንቱ፣ በገመድ በታሰረ እንስሳ ላይ መፈጸሙን እኔም እቃወማለሁ። እጅን በፊንጢጣ አስገብቶ የዘር ቱቦዎቹን ያበጠ ክፍል በማሸት ዘሩን ማውጣት ይቻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ግን ይፈልጋል፤ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ያነሰና ያደፈ ነው። ላሞችን በየቀኑ በእጃቸው ለሚመረምሩ አዳቃዮቻችን ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ተራው እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ መጀመሪያ በትዕግሥት ማለማመድ፣ ቀጥሎ ማሸት፣ ኤሌክትሪክ በማደንዘዣ መጨረሻ ላይ። አንዱን ብቻ ሞክሮ መዝገብ መዝጋት ግን ስንፍና ነው።

አራተኛውን መንገድ ግን በአገራችን እንደ መንገድ የቆጠረው ጥቂት ነው። ኮርማው ታርዶም፣ ሞቶም፣ በቀዶ ሕክምና ተኮላሽቶም ቢሆን የኤፒዲዲሚሱ ጅራት የበሰለ ዘር እንደሞላ ነው። ቆለጡ ቶሎ ተወስዶ በ5 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ከተቀመጠ ዘሩ ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ለሁለት ቀን ሕይወቱን ይዞ ይቆያል። አወጣጡም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጅራቱን በምላጭ ተልትሎ ዘሩ በራሱ ወደ ማቆያ ፈሳሹ እንዲዋኝ መተው ነው፤ ቀላል ነው፣ ደም ግን ይቀላቀላል። ሁለተኛው በዘር ማስተላለፊያው ቱቦ በኩል በቀጭን መርፌ ፈሳሽ እየገፉ ዘሩን በኋላ በር ማጠብ ነው፤ እጅ ይፈልጋል፣ የሚገኘው ግን የጠራ ነው። ስፔኖች በአዳኝ ከተገደሉ አጋዘኖች ዘር ሰብስበው ማከማቸት የቻሉት በዚሁ ጥበብ ነው። አጋዘን በሰው ሠራሽ ብልት አይሠለጥንም፤ እነርሱ ግን ለዚህ ብለው መካን አላሉትም።

የላቦራቶሪ አይጦች ታሪክ ይህን ክርክር ያጠነክረዋል፤ ብዙዎች ግን ለተቃራኒው ይጠቅሱታል። የወንድ መካንነትን የሚያጠኑ ሰዎች አይጥን የሚመርጡት በርካሽ ስለሚረባ፣ ቶሎ ስለሚያድግና መካን ማድረግ ስለሚቻል ነው። የአይጥ የዘር ፈሳሽ ግን ወዲያው ይረጋል፤ በሴቷ ውስጥ እንደ ውታፍ ይደርቃል። ስለዚህ በአይጥ ላይ ዘር የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ በኋላ፣ ከኤፒዲዲሚሱ ወይም ከቆለጡ ነው። መካን የሚደረግበትም መንገድ ብዙ ነው። የዘር ቱቦው ይታሰራል፤ ወይም ቆለጡ ወደ ሆድ ተመልሶ በሙቀት እንዲጎዳ ይደረጋል፤ ወይም ቡሰልፋን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ተሰጥቶ የዘር ሕዋሳቱ እናቶች ይገደላሉ።

አሁን ዘዴዎቹን አወዳድሩ። ቱቦው በታሰረው አይጥ ከእገዳው በስተኋላ ዘር ታጉሮ ይቀመጣል፤ አንዲት መርፌ ትበቃለች። ቡሰልፋን በተሰጠው አይጥ ግን ቆለጡ እንደ ተቃጠለ እርሻ ነው፤ እዚህ ባዶ፣ እዚያ ደግሞ ጥቂት ሥር ያቆጠቆጠበት። መርፌው ባዶው ላይ ካረፈ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ያ ዜሮ ግን ስለ መርፌው እንጂ ስለ ቆለጡ የሚናገረው ትንሽ ነው። «ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ የትኛው መካንነት እንደሆነ ሳይነገር መልስ የለውም። በታሰረው አይጥ አሸናፊ የሆነው ዘዴ በተመረዘው አይጥ ይሸነፋል።

የመጠኑም ነገር አለ፤ ይህን ሲዘሉት ደጋግሜ አያለሁ። የአይጥ አንድ ቆለጥ 2 ግራም አይሞላም። የሰው 20 ግራም ገደማ፣ የኮርማ 300 ግራም ገደማ ነው። በአይጥ ቆለጥ ውስጥ የገባች መርፌ ከአካሉ ትልቅ ድርሻ ትነካለች፤ በኮርማ ውስጥ የገባችው ያችው መርፌ ምንም አልነካችም ማለት ይቻላል። ዘሩ የሚበስልበት ጊዜም ይለያያል። በአይጥ 50 ቀናት ገደማ፣ በከብት 61 ቀናት ገደማ፣ በሰው ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በአይጥ የተገኘን መቶኛ ቃል በቃል ወደ ኮርማ ወይም ወደ ሰው ማዛወር የሳይንስ ልብስ የለበሰ ግምት ነው። ከአይጥ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ የጉዳቱ ዓይነት ዘዴውን ይወስናል።

ይህን ትምህርት የሰው ሕክምና ተቀብሎ ምን እንዳገኘ እንይ። ከ100 ወንዶች አንዱ ገደማ በሚፈሰው ፈሳሽ ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ አይገኝበትም። ለረጅም ዘመን ይህ የመጨረሻ ቃል ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1992 በብራሰልስ አንድ የዘር ሕዋስ በመርፌ ወደ እንቁላል ውስጥ ገብቶ ልጅ መወለዱ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ሚሊዮኖች አያስፈልጉም፤ ጥቂት ከተገኘ ይበቃል። ሐኪሞች ወደ ቆለጡ ራሱ ገቡ። ሽሌገል የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት በተለመደው የቀዶ ሕክምና አወጣጥ ዘር የተገኘው 45 በመቶ በሚሆኑት ሙከራዎች ነበር። በማይክሮስኮፕ እያዩ ወፈር ያሉትንና የደፈረሱትን ቱቦዎች መርጦ በማውጣት ግን 63 በመቶ ደረሰ፤ የሚወሰደውም ሥጋ እጅግ ያነሰ ነበር። የሕሙማኑ ዓይነት ያው ነው፤ የተለወጠው ዘዴው ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት ትናንት መካን የተባሉ፣ ዛሬ አባት ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ወደ ሰው የመጣው በእንስሳት በኩል መሆኑ ሊረሳ አይገባም። ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1780 ውሻ አዳቀለ። በኤሌክትሪክ ዘር ማውጣት በበጎች ላይ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1948 ጀርባቸው ለተመታ ሰዎች ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዞች የዶሮ ዘር በግሊሰሪን ማቀዝቀዝ ቻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ጥጃ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የቀዘቀዘ የሰው ዘር ፅንስ አስገኘ። ዘርን በመርፌ ወደ እንቁላል ማስገባትም እ.ኤ.አ. በ1976 በሃምስተር እንቁላል ተሞክሮ ነበር። የከብት አገር ነን የምንል እኛ ከከብት የተገኘውን ትምህርት ለከብታችንም ለራሳችንም አለማዋላችን ያሳዝነኛል።

ለራሳችን ያልሁት በምክንያት ነው። በደቡብ ጎንደር ልጅ ያልወለደች ሴት ከጠበል ጠበል ስትንከራተት፣ በሽምግልና ስትጠየቅ፣ በመጨረሻም ስትፈታ አይተናል። ጠበሉን አልቃወምም፤ እምነት የራሱ ቦታ አለው። የምቃወመው ባል ለአንድ ቀን እንኳ በላቦራቶሪ በር ሳያልፍ ሚስት ለዓመታት መንከራተቷን ነው። ከመካንነት ጉዳዮች ግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ ያለባቸው ናቸው። የወንዱ ምርመራ ርካሽ ነው፣ አያምምም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጤት ይሰጣል። «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ጉልበት አለኝ» የሚለው ባል በፎገራ ኮርማው ሲዘል አይቶ ከሚፈርደው ሰው በምንም አይለይም። ጉልበትና ዘር ለየብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ የሌለው ሚስቱን ይፈታ ነበር።

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንዱ ከባድ ነው፤ ከመካን ኮርማ ዘር ፈልቅቆ ማውጣት መካንነቱን በመንጋው መዝራት ነው የሚል። ጉዳቱ በደም የሚወረስ ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ቆለጡ ከትውልዱ ያነሰ፣ ዘሩ ቅርጹ የተበላሸ ኮርማ መወገድ አለበት። ከዚህ ተቃውሞ ግን የሚከተለው ይበልጥ መመርመር ነው። እግሩ የተሰበረ፣ ሰው የፈራ፣ ያረጀ፣ በድንገት የሞተ ኮርማ ጉዳቱን አያወርስም። እነዚህን ከእውነተኛው መካን የሚለየው ዘሩን ፈልጎ ማየት ብቻ ነው። ተቃዋሚዎቼ ሁሉንም በአንድ ቢላዋ ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ የሚፈሩት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁት ይቀራል።

በሽታም አለ። በሜዳው ላይ ትኩሳት የሚያስከትል በሽታ ሲገባ ኮርማው በታመመ በሳምንታት ውስጥ ዘሩ ሊበላሽ ይችላል። ዘሩ ተመርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ስለሚወስድ ያን ጊዜ የተወሰደ ናሙና የሚናገረው ስላለፈው ትኩሳት ነው። ከ60 እስከ 70 ቀናት ቆይቶ ያልተደገመ ምርመራ ፍርድ ሊባል አይገባም። አንዴ አይቶ ኮርማን መጣል፣ አንዴ አይቶ ባልን ተስፋ ማስቆረጥ፣ ሁለቱም ጥፋት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የፎገራ ከብት ምን ያህል ወተት ቢሰጥ ነው ይህ ሁሉ ድካም የሚለው ነው፤ ሆልስቲን ዘር አስመጥቶ ማዳቀል ይቀላል ይላሉ። ለከተማ ዳር የወተት ላም ይህን አልቃወምም። ጥያቄው ግን ክረምት ሙሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ዝንቡን ችሎ፣ የሩዝ ገለባ በልቶ የሚኖር ከብት ከየት ይመጣል የሚል ነው። ሆልስቲንን ከፎገራ ለማዳቀልም ፎገራ መኖር አለበት። ማዳቀሉ እየሰፋ ሲሄድ ንጹሑ አባት ይጠፋል፤ ንጹሑ አባት ከጠፋ የሚዳቀለውም ነገር አይኖርም።

መጥፋቱ ደግሞ ወሬ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያገዙት የሩዝ እርሻ ዛሬ ሜዳውን አልብሶታል። ሩዝ ለገበሬው ትልቅ በረከት ሆኗል፤ የፎገራዋ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አግኝታለች። የግጦሹ መሬት ግን ጠበበ፤ ቀሪው መንጋም ከደጋው ዜቡ ጋር ተቀላቀለ። ለዝርያው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ ጣቢያ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ አለ፤ ሥራውን አከብራለሁ። ነገር ግን የአንድ ጣቢያ መንጋ ጠባብ ነው፤ አንድ ወረርሽኝ ቢገባበት ሊያልቅ ይችላል፣ አባቶቹም ቢያንሱ ዝምድና ይበዛበታል። ሌላው ሀብታችን ጠባቂ አለው። የተክል ዘራችን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ቀዝቃዛ ክፍል ተዘጋጅቶለታል። የጣራ ገዳም ደን በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲመነጠር የቀረው መነኮሳቱ አትንኩ ስላሉ ነው። የፎገራ ኮርማን አትንኩ የሚል ማን አለ?

የባሰው ደግሞ የምርጫው ነገር ነው። ገበሬው ለእርሻ የሚቀጠቅጠው ደረቱ የሰፋውን፣ እግሩ የቆመውን፣ ያማረውን ወይፈን ነው። ደካማው ሳይቀጠቀጥ ይቀርና ላሞቹን ያጠቃል። በዚህ ዓይነት በየትውልዱ ምርጡ አባት ከዘር ይወጣል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው፤ ያለ በሬ አያርስም። ሆኖም ወይፈኑ የሚቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ከጎረመሰ በኋላ፣ ኤፒዲዲሚሱ በዘር በተሞላበት ዕድሜ ነው። ቀጥቅጦ ማኮላሸት፣ በባህላዊውም ሆነ በቡርዲዞ መቆንጠጫ፣ ያን ሁሉ ዘር እዚያው ያመክነዋል። በቀዶ ሕክምና ቢኮላሽ ግን ቆለጦቹ በእጃችን ይገባሉ፤ ገበሬውም የእርሻ በሬውን ያገኛል። አንድም ነገር አይጎድልበትም።

ይህን ሥራ የሚከለክል ቴክኒክ አላውቅም። በጋ ላይ፣ ዝንብ በሚቀንስበት ወቅት፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማደንዘዣ ሰጥቶ ቆለጦቹን ያወጣል። ቆለጦቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው በረዶ ባለበት ሣጥን ይቀመጣሉ፤ በረዶው ግን እንዳይነካቸው ጨርቅ ይገባል፣ ዘሩ ያለ መከላከያ በረዶ ከሆነ ይሞታልና። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። እዚያ የሚታጠበው ዘር በእንቁላል አስኳልና በግሊሰሪን ተበርዞ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ይቀመጣል። ከኮርማው ደም ተወስዶ ለብሩሴላና ለመሰሎቹ ይመረመራል፤ ያልጠራው ይጣላል። ለቁስሉ የሚደረግለት ሕክምና ወጪ በመንግሥት መሸፈን አለበት፤ ገበሬውም ለዘሩ ይከፈለው። የትኛው ወይፈን ይመረጥ የሚለውን ከገበሬው የተሻለ የሚያውቅ የለም። የእናቱን ወተት፣ የአያቱን ወተት ይነግራችኋል። የአንዳሳ ተመራማሪዎች ከዚህ የበለጠ መዝገብ በሜዳው ላይ አያገኙም።

ለእንስሳት ሐኪሞች የምለው ይህ ነው። «ኮርማው አይሆንም» የሚል ወረቀት ስትጽፉ ዘሩን በምን እንደፈለጋችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደፈለጋችሁ፣ በስንት ቀን ልዩነት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ይህ የሌለበት ወረቀት ይመለስባችሁ። ለሰው ሐኪሞችም ያው ነው፤ የባልየው ምርመራ ሳይኖር የሴቲቱን መዝገብ አትክፈቱ።

ለፎገራ ገበሬዎች ደግሞ፤ በዚህ በጋ ወይፈን የምትቀጠቅጡ ካላችሁ፣ እናቱ በወተት የታወቀችውን ለዩትና ከመቀጥቀጣችሁ በፊት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገሩት። ሐኪሙም መቆንጠጫውን ትቶ ቢላዋና የበረዶ ሣጥን ይዞ ይምጣ።